ያልተቆጠረው አሥር

ቱቱኩዲ፣ ጁላይ 6 ቀን 1998

ለተከበሩ ወይዘሪት ቴንሞሊ፣

ደብዳቤዎ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። እንደምን ከረሙ እንዳልል ከዚህ በፊት አንተዋወቅም፤ እንደምን አሉ እላለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዝናብ የለም። ንፋሱ ጨው ጨው ይላል።

አዎ፣ የሟቹ የአቶ ቬላዩታም ባለቤት ማራጋታም እኔ ነኝ። ባለቤቴ በባሕሩ ዳር ባለችው ትንሽ የዓይን ክሊኒክ ሃያ ሁለት ዓመት በጨረሩ ክፍል ሠርቷል። ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ክፍሉ አሁን የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ በሩ ላይ ግን የእሱን ስም የያዘች የናስ ሰሌዳ አለች። የጽዳት ሠራተኛዋ በየበዓሉ ታወለውላታለች።

እኔም እዚያ እሠራ ነበር። ሥራዬ ማጽዳት፣ ጠብታ ማድረግ፣ የሕመምተኞችን እጅ መያዝ ነበር። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያነበብኩትን ያነበብኩት በራሴ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ ላይ ስህተት ቢያገኙ አይፍረዱብኝ።

የጨረሩ ክፍል መዝገብ የታመነ ነው ወይ ብለው ለጠየቁኝ፦ ባለቤቴ ጥንቁቅ ሰው ነበር። የተጻፈው እንደተጻፈው ነው።

መልስ ያዘገየሁት ቴምብር አጥቼ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ማራጋታም

—

ቼናይ፣ ጁላይ 15 ቀን 1998

ውድ እማማ ማራጋታም፣

መልስዎ በአንድ ሳምንት ውስጥ መጣ፤ እኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚላክ ወረቀት ከዚያ ይቆያል። እባክዎን «አንቺ» ይበሉኝ። እናቴ በእርስዎ ዕድሜ ናት፤ «እርስዎ» ያለችኝ ተቆጥታ ብቻ ነው።

ለምን እንደምጠይቅዎ በደንብ ሳልነግርዎ ቀረሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ማስላት ነው። ዓይን በጨረር ሊታከም ሲል ስንት ጨረር እንደሚገባው፣ ቀድሞ ከታከመም ስንት እንደገባው እገምታለሁ።

ከእናንተ አገር የመጣች ፔቺያማል የምትባል ሴት እኛ ዘንድ ተኝታለች። የጨው ማሳ ሠራተኛ ናት። በ1979 በቀኝ ዓይኗ ነጭ ላይ የበቀለው ሥጋ ተቆርጦ፣ እንዳይመለስ እናንተ ክሊኒክ ሦስት ማክሰኞ ጨረር ተደርጎላታል። አሁን በዚያው ዓይን ላይ ካንሰር ወጥቶባታል። ግራው ዓይኗ በልጅነቷ ኖራ ገብቶበት ጠፍቷል። ያላት ይኸው አንዱ ነው።

በዓይኗ ላይ ጨረር ያላት ትንሽ ሳህን ሰፍተን ለአራት ቀን ልንተዋት አስበናል። መዝገባችሁ በጠቅላላው ሠላሳ ግሬይ እንዳገኘች ይናገራል፤ ግሬይ የጨረር መስፈሪያችን ነው። ሠላሳ ከሆነ ያሰብነውን ዓይኗ ይችላል። ግን የዓይኗ ነጭ አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ ውስጡ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ሠላሳ ግሬይ እንዲህ ሲያሳሳ አላየሁም። ያኔ ከተጻፈው በላይ ገብቶባት ከሆነና እኛ ሳናውቅ ብንደርብበት፣ ነጩ ይበሳል፤ ዓይኗ ይፈሳል። ፈርተን ብናሳንስ ደግሞ ካንሰሩ ይመለሳል።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ። ሕክምናው የተቀጠረው ለኦገስት 11 ነው።

ቴንሞሊ

—

ቱቱኩዲ፣ ጁላይ 24 ቀን 1998

ለልጄ ለቴንሞሊ፣

እንደምን አለሽ? እናትሽንም እንደምን አሉ በይልኝ።

መሣሪያውን እኛ «ማኅተሙ» እንለው ነበር። እጀታ ያለው አጭር ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ ክብ የብር ቁራጭ አለች። ጨረሩን የሚሰጠው ስትሮንቲየም ያለው እሷ ውስጥ ነው። ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል፣ ቆቡ በጣት ይከፈታል፣ ማኅተሙ ሥጋው ከተቆረጠበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ያርፋል። ከዚያ ሴኮንድ ይቆጠራል። ሲያልቅ ይነሣል። ሌላ ነገር የለውም።

ግድግዳው ላይ አንድ ካርቶን ነበር። ማኅተሙ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ስለሚደክም፣ ባለቤቴ በየጃንዋሪው፣ የፖንጋል በዓል ማግስት፣ የድሮውን ቁጥር ሰርዞ አዲስ ይጽፍ ነበር። አርባ ስምንት፣ አርባ ዘጠኝ፣ ሃምሳ። «እኛም እናረጃለን፣ እሱም ያረጃል፤ ልዩነቱ እሱ በልክ ነው የሚያረጀው» ይል ነበር። በ1979 ካርቶኑ ላይ ያለው ሃምሳ ነው። ሃምሳ ሴኮንድ አሥር ግሬይ ነው። ሦስት ጊዜ፣ ሠላሳ። መዝገቡ ያለውም ይህንኑ ነው።

የማውቀው ይህን ያህል ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህቺ ፔቺያማል ረጅም ናት? ስትስቅ አፏን በእጇ የምትከድን?

ማራጋታም

—

ቱቱኩዲ፣ ኦገስት 6 ቀን 1998

ልጄ ቴንሞሊ፣

ትናንት በስልክ ስለጮህኩብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። የጮህኩት ተቆጥቼ አይደለም፤ ከስልክ ቤት ቼናይ ድረስ የሚሰማ አልመስል ብሎኝ ነው። ባለ ስልክ ቤቱ አቶ ሳቫሪ «አያቴ፣ ሽቦው ነው የሚያደርሰው፣ አንቺ አይደለሽም!» ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ። በሳቅ መሃል «አታክሟት፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም» ማለቴን ሰምተሽ ከሆነ ይበቃኛል። «ቆይተን እንጠብቅዎታለን» ያልሽኝ መሰለኝ። ቀሪውን እነሆ።

በመልስሽ «አዎ፣ አፏን ትከድናለች» ብለሽ ባትጽፊልኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ምናልባት ሌላ ፔቺያማል ናት እያልኩ እቀመጥ ነበር። በዚህ አገር ፔቺያማል የሚባል ሴት ብዙ ነው።

በ1979 በማርች ወር የባለቤቴ አባት ሞቱ። ባለቤቴ የፔቺያማልን የመጀመሪያ ማክሰኞ ራሱ ከቆጠረ በኋላ አሥራ ስድስቱን የሐዘን ቀን ሊቀመጥ ወደ አባቱ አገር ወደ ተንካሲ ሄደ። ሴኮንድ የምንቆጥርበት ሰዓት አንድ ብቻ ነበር፤ ባለቤቴ ከሸሚዙ ኪስ ሳያወጣው ይዞት ሄደ። የግድግዳው ሰዓት የሴኮንድ ዘንግ አልነበረውም። ማክሰኞ ጠዋት ሴቶቹ መጡ። ከጨው ማሳው በእግራቸው ሁለት ሰዓት ተጉዘው ነው። መልሻቸው ቢሆን አንድም ሰው አይወቅሰኝም ነበር። ያስገደደኝ የለም። እኔም እችላለሁ አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ቆሜ አይቻለሁ፤ ምን ያቅተኛል አልኩ። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ጠረጴዛው ላይ ስትተኛ ፔቺያማል «ዛሬ ጌታው የለም? ሚስቲቱ ልትወጋኝ ነው?» አለች።

«አትንቀሳቀሺ እንጂ፣ አይወጋም» አልኳት።

«አንቺ ነሽ የምትንቀጠቀጪው። ዓይኔ ይነክሳል እንዴ?»

ውጭ አግዳሚው ላይ ያሉት «ቶሎ በይ፣ ጨዉ ይቀልጣል!» ብለው ጮኹ።

በዜማ ቆጠርኩ። አባቴ በጨው ማሳ ላይ ቅርጫት ቆጣሪ ነበር፤ እኔም በልጅነቴ ከአጠገቡ ተቀምጬ ያደግሁት በዚያ ዜማ ነው። ዜማው አይፈጥንም አይዘገይም፣ ቅርጫት የተሸከመች ሴት እንደምትራመደው ነው። አንድ አሥር ሲሞላ አንድ ጣት ይታጠፋል። አምስት ጣት፣ ሃምሳ።

አንቺ የከተማ ልጅ ብትሆኚም እናትሽ ሩዝ ስትሰፍር «አንድ» ብላ እንደማትጀምር ታውቂያለሽ። «ላባም» ትላለች፤ ትርፍ፣ በረከት ይሁን ማለት ነው። ከዚያ «ሁለት»። በቤት ውስጥ ላባም ማለት አንድ ነው። አባቴ በሚቆጥርበት ማሳ ግን እንዲህ አልነበረም። እዚያ መጀመሪያ የሚወርደው አሥር ቅርጫት «ላባም» ተብሎ የባለ ማሳው ነው፤ ለሠራተኛዋ አይቆጠርም። ከእሱ በኋላ ነው አንድ የሚባለው።

እኔም የመጀመሪያውን አሥር «ላባም» አልኩና ጣቴን ሳላጥፍ አለፍኩት። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስት አሥር ሆነ። የሚቀጥለው ማክሰኞም እኔው ቆጠርኩ።

ያወቅሁት በነጋታው ሩዝ ስሰፍር ነው። ሁለተኛውን ጣሳ ሳፈስ «ሁለት» አልኩና፣ ማኅተሙን ይዤ ላባሙን ሳልቆጥር ማለፌ ታወሰኝ።

ባለቤቴ ሲመለስ ነገርኩት። ከዚያ መዝገቡን አውጥቶ ለሁለቱም ማክሰኞ «ሃምሳ» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ። «ማራጋታም፣ አንቺ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበርሽም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላነሣነውም። ከሞተ በኋላ መጽሐፎቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ትርፍ ጨረር ዓይንን ምን እንደሚያደርግ የሚናገረው ገጽ የትኛው እንደሆነ አውቅ ነበርና እሱን በመጨረሻ አነበብኩት።

በሁለቱ ማክሰኞ ከፔቺያማል ሌላ ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ። የማስታውሳቸውን ስሞች በጀርባው ጽፌልሻለሁ። ሰባት ናቸው።

ይህን ቀድሜ ልጽፍልሽ እችል ነበር። አልጻፍኩም።

ማራጋታም

—

ቼናይ፣ ኦገስት 14 ቀን 1998

ውድ እማማ፣

ስልኩ ተሰምቷል። ፎቁ በሙሉ ሰምቶታል። የኦገስት 11ዱ ቀጠሮ ተሰርዟል፤ ሐኪሞቹ ለአራት ሳምንት ቢቆዩ ካንሰሩ እንደማይገሰግስ ነግረውኛል፤ ከዚያ በላይ ግን አይጠብቁኝም።

ሌላውን ለጊዜው ትቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ከዚህ ጋር አንድ ሰዓት ልኬልዎታለሁ። ቁልፉን አንዴ ሲጫኑት ይነሣል፣ ሁለተኛ ሲጫኑት ይቆማል። ያን ጊዜ እንደቆጠሩት በዜማው አንድ አሥር ይቁጠሩና የወጣውን ይጻፉ። አሥር ጊዜ ያድርጉት። በአንድ ቀን አይሁን። ተቀምጠውም ቆመውም ይሞክሩት። የተሻለውን አይምረጡልኝ፤ ሁሉንም ይላኩልኝ።

ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ፤ ይህ ይከብዳል። ላባሙን ሳይቆጥሩ ያለፉት በሁለቱም ማክሰኞ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት? ለእኔ አምስት አሥርና ስድስት አሥር በጣም የተለያዩ ናቸው።

ሰባቱን ሴቶች መፈለግ ጀምሬያለሁ።

ቴንሞሊ

—

ቱቱኩዲ፣ ኦገስት 22 ቀን 1998

ልጄ፣

ሰዓቱ ሳይሰበር ደረሰ። ፖስተኛው «እማማ፣ በዚህ ዕድሜ ሩጫ ጀመሩ?» አለኝ። «አዎ፣ አንተን ልቀድም» አልኩት።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦ አሥራ ሁለት ከግማሽ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ ከግማሽ፣ አሥራ ሦስት (እያሳለኝ ነበር)፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ ከግማሽ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ ከግማሽ፣ አሥራ ሁለት። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ከጨው ማሳው አጠገብ ካለው መንገድ ቆሜ ነው የቆጠርኩት። ሴቶቹ ቅርጫት ተሸክመው ያልፉ ነበር፤ እግራቸውን እያየሁ ቆጠርኩ። እዚያ ቁጥሩ እንደማይዋዥቅ አየሁ። አንዷ «አያቴ ምን ትሰልለናለች?» አለች።

አሮጊት ስሆን ዜማዬ ዘግይቶ እንደሆነ አላውቅም። ያንን አንቺ አስዪው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ስለ መጨረሻው ማክሰኞ እርግጠኛ ነኝ፤ በነጋታው ስላወቅሁት እጄም አፌም ያስታውሰዋል። ስለ ፊተኛው ግን መማል አልችልም። ያው ሰው ነኝ፣ ያው ዜማ ነው፣ ያንኑ አድርጌ ይሆናል። ግን «ይሆናል» እንጂ «ነው» ልልሽ አልችልም። አንድ ጊዜ ያልሆነ ነገር እርግጠኛ ሆኖ ተጽፏል፤ አሁን ደግሞ እኔ አልጽፍም።

ማራጋታም

—

ቼናይ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1998

ውድ እማማ፣

ጥርጣሬዎን ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው እርግጠኛነቱን ብቻ ነው የሚልክልኝ።

ሌላ የምጠይቀው ሰው ስላልነበረኝ ፔቺያማልን ጠየቅኋት። የእርስዎን ነገር ሳልነግራት፣ ያኔ ማኅተሙ ዓይኗ ላይ ምን ያህል እንደቆየ ታስታውስ እንደሆነ ብቻ ነው የጠየቅኋት። የሆነውን እንዳለ ልጻፍልዎ።

«ከጌታው ጋር አምስት፣ ከሚስቲቱ ጋር ስድስት» አለች ወዲያው።

«ስድስት ምን?»

«አሥር ነዋ! ሰው ዓይኑን ተከፍቶ ሲተኛ ምን ይሠራል? ቆጠርኩ። እሷ ድምፅ አውጥታ፣ እኔ በሆዴ። የማሳችንን ዜማ መሆኑን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ እንዳልንቀሳቀስ ብዬ ያዝኩት።»

«ሁለቱንም ማክሰኞ?»

«ሁለቱንም። ጌታው ቆጥቋጣ ነበር፤ ሃምሳ ብሎ ቀጥ። ሚስቲቱ ግን መርቃ ነበር የምትሰጠኝ። ደግ ሴት ናት። በሕይወት አለች? ካለች ሰላም በይልኝ።»

ከዚያ ዜማውን በአልጋዋ ላይ ተቀምጣ እንድታዜምልኝ ጠየቅኋት። አምስት ጊዜ ለካሁ፤ አሥሩ ከአሥራ አንድ ተኩል ብዙም አይርቅም። የእርስዎ አሥራ ሁለት ነው። ሁለት ሰዎች በሃያ ዓመት ርቀት ይህን ያህል ሲገናኙ በሥራዬ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ እነሆ፦ ስድስት አሥር ሰባ አንድ ሴኮንድ ገደማ ነው። ባለቤትዎ በቆጠሩበት ቀን አሥር ግሬይ፣ እርስዎ በቆጠሩባቸው ሁለት ማክሰኞ አሥራ አራት አሥራ አራት፣ ከትንሽ ትርፍ ጋር። በጠቅላላው ሠላሳ ስምንት ተኩል፤ ሁለት ወደ ላይ ወይም ሁለት ወደ ታች ሊሆን ይችላል። የሳሳው ቦታ አሁን ገባኝ። አራት ቀን ብናስቀምጥ ኖሮ ይበሳ ነበር።

ሐኪሞቹ የሚቆረጠውን በቢላ ቆርጠው፣ ሳህኗን ከሳሳው ቦታ ገፋ አድርገው፣ ለሁለት ቀን ተኩል ብቻ ሊያስቀምጧት ተስማምተዋል። ቀኑ ሴፕቴምበር 9 ነው።

ሰላምታዋን አድርሻለሁ።

ቴንሞሊ

—

ቱቱኩዲ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1998

ልጄ ቴንሞሊ፣

ትናንት ቀኑን ሙሉ ሰዓቱን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዋልኩ። አላስነሣሁትም።

ሰላምታዋን መቀበል አልችልም። ስትሻላት፣ ስፌቷም ሲወጣ፣ እባክሽ ንገሪያት። ምርቃት እንዳልነበረ፣ ስህተት እንደነበረ፣ ያወቅሁትም በማግስቱ መሆኑን፣ እንዳወቅሁም ዝም ማለቴን። ባለቤቴ ጻፈው ብለሽ አትጀምሪ፤ ከእኔ ጀምሪ። እሷ ስታመሰግነኝ የኖረች መሆኗን እያወቅሁ መቀመጥ፣ እስከ ዛሬ ከተቀመጥኩት የባሰ ነው።

ለክሊኒኩ ኃላፊም ጽፌያለሁ። የናስ ሰሌዳዋን ያወርዷታል ወይም ይተዋታል፤ የእነሱ ነው። እኔ ትውረድ ወይም ትቆይ አልልም፤ ሲጠይቁኝ ባለቤቴ የሠራውንና ያልሠራውን ግን እነግራቸዋለሁ።

እናትሽ እንደምን አሉ?

ማራጋታም

—

ቼናይ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1998

ውድ እማማ፣

ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። እስኪረጋገጥ መጻፍ አልፈለግሁም። ሳህኗ በሰዓቷ ወጥታለች። ነጩ አልተበሳም። ካንሰሩ ለጊዜው የለም፤ በየሦስት ወሩ እናያታለን። ትናንት በመስኮት አይታ ከታች ቆሞ የነበረውን የሙዝ ሻጭ «የበሰበሰውን ከሥር ደብቀሃል፣ እያየሁህ ነው!» ብላ ከሦስተኛ ፎቅ ተሳድባለች።

ከሰባቱ ሴቶች ሁለቱን አግኝቻለሁ፤ ሁለቱም ያያሉ። ሦስቱ ሞተዋል፣ በሌላ ምክንያት። የቀሩትን ሁለቱን አላገኘሁም። ስማቸውን የዘነጉት ሁለቱንም እንዲሁ።

እንዳሉኝ ነገርኳት። ከእርስዎ ነው የጀመርኩት። ስጨርስ ወደ ግድግዳው ዞረች። ምሳዋን ሳትበላ መለሰች። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ላባሙን ነው የዘለለችው?» አለች።

«አዎ።»

«አባቷ ቆጣሪው ነበር?»

«አዎ።»

ከዚያ እንዲህ አለች፤ ቃል በቃል ነው የጻፍኩት፦ «ሠላሳ ዓመት ላባሙን ከእኔ ሲወስዱ ኖሩ። አንዴ ለእኔ ደረሰኝ ብዬ ደስ ቢለኝ፣ እሱም ዓይኔን ሲበላ ኖሯል።» ይህን ብላ ሳቀች፤ አፏን በእጇ አልከደነችም።

«ምን ብዬ ልጻፍላት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ስለ ይቅርታው ገና አላሰብኩበትም በያት። ሰላምታዬን ግን መልሼ አልወስድም፤ አንዴ ሰጥቻለሁ።»

ሰዓቱን መመለስ የለብዎትም።

ቴንሞሊ

—

ቱቱኩዲ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1998

ልጄ ቴንሞሊ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያለችው ልክ ነው።

ሰዓቱን በዚሁ ፖስታ መልሼልሻለሁ። ለሌላ ሰው ያስፈልግሻል።

ዝናቡ ትናንት ገባ። ማሳዎቹ ውኃ ስለሞሉ እስከ ጃንዋሪ ሥራ የለም፤ ሴቶቹ በየቤታቸው ናቸው። ጎረቤቴ ሩዝ ልትበደር መጥታ እኔ ስሰፍርላት ቆማ ነበር። የመጀመሪያውን ጣሳ አፈሰስኩና «አንድ» አልኩ።

«እማማ፣ ምን ነካዎት? ላባም ይበሉ እንጂ! በረከቱ ከቤትዎ ይራቅ እንዴ?» ብላ ደነገጠች።

«ይራቅ» አልኳት። ከዚያ «ሁለት» ብዬ ቀጠልኩ።

ማራጋታም